በስልክ ስናጽናና የምንስታቸው ነገሮች

በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ ላይ መሬቱ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ አዳማም ተሰምቷል። ስንቱ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ባለሙያ ወይም የሠለጠነ በጎ ፈቃደኛ አዳማ ተቀምጦ መጠለያ ላለ ሰው መደወል ይችላል። መደወሉ ጥሩ ነው፤ አደዋወሉ ላይ ነው የምንስተው።

«እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» ማለት። ትልቁ ስህተት ይሄ ይመስለኛል። ሰው አልቅሶ ካልወጣለት አይሻለውም ብለን እናምናለን። ለቅሶ ቤት ግን ሰው ከቦ ያድራል። ስልክ ላይ ኔትወርኩ ጥርቅም ካለ ያ ሰው ከነሐዘኑ ብቻውን ነው የሚቀረው። የዓለም ጤና ድርጅትም አደጋ እንደደረሰ ሰውን በአንድ ቁጭታ ያየውን ሁሉ ማናዘዝን አይመክርም። ራሱ ካወራ አዳምጡ። ዝም ካለ አትጎትቱት። «አብሮዎት ማን አለ? እንቅልፍስ እንዴት ነው? ለዛሬ ምን ቸገረዎት?» ብሎ መጀመር ይሻላል።

አጠገቡ ማን እንዳለ አለመጠየቅ። መጠለያ ውስጥ አንድ ስልክ የቤተሰቡ ሁሉ ነው፤ ስፒከርም ላይ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ «አሁን መነጋገር ይመችዎታል?» በሉ። ሰው ሲመጣበት «ነገ ይደውሉ» እንዲላችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ። በአዎና በአይደለም የሚመለስ ጥያቄም ያግዛል።

መስመር ቢቋረጥ ምን እንደሚደረግ አለመነጋገር። «ከተቋረጠ እኔ ነኝ የምደውለው፣ እርስዎ ካርድዎን አይጨርሱ» በሉ። ያለበትን ቦታና በቅርብ የሚገኝ ሰው ስልክ መጀመሪያውኑ ያዙ። ለምን? ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ካለው ያኔ አድራሻ መፈለግ አይቻልም። ይህን ሐሳብ በቀጥታ መጠየቅም አያስፈራችሁ፤ መጠየቁ ሐሳቡን አይተክልም። «አዎ» ካለ ስልኩን ሳትዘጉ ዘመድ አጠገቡ እንዲቀመጥ፣ ፀረ ተባይና የመሳሰለው እንዲርቅ፣ ከዚያም ጤና ጣቢያ እንዲደርስ አድርጉ።

ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ። አፋርኛ ወይም ኦሮምኛ የሚናገር ሰው ፈልጉ። የአሥር ዓመት ልጅ የእናቱን ሰቀቀን በአፉ መድገም የለበትም።

ቪዲዮ ካልሆነ ማለት። ዳታም ቻርጅም ይበላል። ድምፅ ይበቃል።

ያልተኛውን ሁሉ በሽተኛ ማድረግ። መሬት ሲንቀጠቀጥ ከርሞ ደጅ ማደር የሚመርጥ ሰው አላበደም። አብዛኛው ሰው ዘመድ ካለው፣ የሚበላውና መጠለያው ከተሟላለት ቀስ በቀስ ይረጋጋል። ከወር በላይ ቆይቶ የዕለት ሥራውን ካቃተው ግን ወደ ጤና ተቋም ምሩት። ጠበል ወይም ዱዓ የያዘውንም «ተው» አትበሉት፤ ሕክምናው ከዚያ ጋር አብሮ ይሄዳል።

በተቃራኒው፣ አደጋው ሳይደርስ የሚጥል በሽታ ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ይወስድ የነበረ ሰው አለ። ሲሸሽ መድኃኒቱን ጥሎ ወጥቷል። ሳይጠየቅ አይናገርም። በድንገት ማቋረጡ አደገኛ ስለሆነ በመጀመሪያው ስልክ ጠይቁትና በቅርብ ካለ ጤና ጣቢያ መድኃኒቱን የሚያገኝበትን መንገድ የዚያኑ ቀን ፈልጉለት።