ቆማ የምትከርም መኪና ባትሪዋ እንዳይሞት ምን እናድርግ?

ጎንደር ውስጥ ግቢ ቆመው የሚከርሙ መኪኖች ብዙ ናቸው። አንዱ የቤንዚን ወረፋ መርሮት አቁሟታል። ሌላው ከፒያሳ ማራኪ ለመመላለስ ባጃጅ ይቀለዋል። የሌላዋ ባለቤት ውጭ አገር ነው፤ ለበዓል ሲመጣ ብቻ ትነዳለች። ከዚያ አንድ ቀን ለጥምቀት እንግዳ ይመጣል፣ ወይም ሌሊት በሽተኛ ሆስፒታል ማድረስ ግድ ይሆናል። ቁልፉ ሲዞር ግን "ጠቅ ጠቅ ጠቅ" ብቻ። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ የሚዞርበት ጉልበት አጥቷል ማለት ነው።

ባትሪ ዛሬ እንደ ዋዛ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ጥሩ ባትሪ በአግባቡ ከተያዘ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል። ቆሞ ባዶውን ከከረመ ግን ዓመት ሳይሞላው ሊበላሽ ይችላል።

አስነስቶ ማጥፋት ለምን አይበቃም?

ሰው መኪናውን ለዘመድ ትቶ ሲሄድ "አደራ፣ በሳምንት አንዴ እያስነሳህ አሙቃት" ይላል። ዘመድም አደራ አይበላም። ቅዳሜ ጠዋት ያስነሳል፣ አምስት ደቂቃ ያቆያል፣ ያጠፋል። በቅን ልቦና ነው፤ ባትሪውን ግን አያድነውም። ሒሳቡን እንየው።

መኪና ቆማም ትበላለች። ሰዓቷ፣ አላርሟ፣ ኮምፒውተሯ ሌት ተቀን ትንሽ ትንሽ ይወስዳሉ። ጤነኛ መኪና ላይ ይህ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ሚሊ አምፒር ነው። 30 ብለን ብንይዝ በቀን 0.7 አምፒር ሰዓት (የባትሪ ክምችት መለኪያ ነው) ገደማ፣ በሳምንት 5 አምፒር ሰዓት ይሆናል። ትንንሽ የቤት መኪኖች የሚይዙት ባትሪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ35 እስከ 45 አምፒር ሰዓት ነው። በአንድ ወር ግማሹ ሄደ ማለት ነው።

አሁን ወደ አምስቱ ደቂቃ እንምጣ። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሲሠራ፣ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ሙሉ ጉልበቱን አይሰጥም። ለባትሪው 10 አምፒር ደረሰው ብንል እንኳ በአምስት ደቂቃ የሚገባው ከ1 አምፒር ሰዓት በታች ነው። 5 ወጥቶ 1 አልገባም። በሚቀጥለው ሳምንትም እንዲሁ። ባትሪው በየሳምንቱ እየተነሳ፣ በየሳምንቱ እየጎደለ ይሄዳል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እምቢ ይላል።

ጉዳቱ ደግሞ ባዶ መሆኑ ብቻ አይደለም። ባትሪ ጎድሎ ሲቆይ ውስጡ ባሉት የእርሳስ ፕሌቶች ላይ ሰልፌት ይጋገራል። ማር ሲቆይ እንደሚረጋው ነው፤ ማሩ ሲሞቅ ይመለሳል፣ የጠጠረ ሰልፌት ግን አይመለስም። ስለዚህ ትልቁ ነገር ባትሪው ጎድሎ እንዳይቆይ ማድረግ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚያ ነው።

መጀመሪያ ለኩት

አንድ ቴስተር፣ ማለትም ቮልት መለኪያ፣ ያስፈልጋችኋል። ኤሌክትሪሻኖች የሚይዙት፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ የሚገኘው ተራው ይበቃል። መኪናዋ ጠፍታ ካደረች በኋላ ጠዋት ኮፈኑን ክፈቱ። ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጉ። ቀዩን ጫፍ በፖዘቲቭ (+)፣ ጥቁሩን በኔጌቲቭ (−) ላይ አስነኩ።

12.6 ወይም ከዚያ በላይ ካነበበ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ደግሞ ሩብ ያህል ቀርቶታል። ከ12.4 በታች ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ቻርጅ አድርጉት። ከዚያ ሞተሩን አስነሱና እንደገና ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.5 መካከል ከሆነ ዲናሞው እየሞላ ነው። ከዚህ ከወረደ ወይም ካለፈ ጥፋቱ የባትሪው ላይሆን ይችላልና፣ አዲስ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ኤሌክትሪሻን ይየው።

ከዚያ አጽዱት

የባትሪውን ጫፎች ተመልከቱ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ከተጋገረበት ኤሌክትሪክ በደንብ አያልፍም። ቀለበትና አምባር አውልቁ። ብረት ሁለቱን ጫፎች ካገናኘ በቅጽበት ይግላል፣ ጣትም ያቃጥላል። ጓንትና መነጽር ብታደርጉ ጥሩ ነው። ገመዶቹን ፍቱ፣ ጥቁሩን (የኔጌቲቩን) አስቀድማችሁ። ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ለብ ባለ ውሃ በጥብጡና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍጉ። ውሃው ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ ክዳኖቹ የተዘጉ ይሁኑ። አድርቁት፣ ገመዶቹን መልሳችሁ አጥብቁ፣ ከላይ ቫዝሊን ወይም ግራሶ በስሱ ቀቡ። የባትሪውን የላይኛውን ገጽም ጥረጉ፤ እርጥብ ቆሻሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ካለ በእሱ በኩል ኤሌክትሪክ ቀስ እያለ ያመልጣል። በክረምት ይህ ይብሳል።

ባትሪው የታሰረበትን ብረትም ነቅነቅ አድርጉት። የእኛ ኮብልስቶን መንገድ የላላ ባትሪን ውስጡን እያንቀጠቀጠ ያፈርሰዋል።

ክዳኑ የሚከፈት ዓይነት ከሆነ ፈሳሹን እዩ። ፕሌቶቹ መሸፈን አለባቸው። ከጎደለ የባትሪ ውሃ፣ ማለትም የተጣራውን፣ ፕሌቶቹን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪሸፍን ብቻ ጨምሩ። የቧንቧ ውሃ በፍጹም አይሆንም፤ ውስጡ ያለው ማዕድን ፕሌቱን ይጎዳል። አሲድም አትጨምሩ። የሚተነው ውሃው ነው፣ አሲዱ እዚያው አለ።

አሁን ምረጡ፦ መንዳት፣ መፍታት ወይስ ቻርጅ ማድረግ?

ምርጫው መኪናዋ ለምን ያህል ጊዜ ትቆማለች በሚለው ይወሰናል።

ከተማ ውስጥ ካላችሁና ቤንዚን ካለ በሳምንት አንዴ ንዷት፤ ግን በቅጡ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል ከዚያ በላይ። ፒያሳን ሁለት ጊዜ መዞር አይቆጠርም፤ ቁም ሂድ ነው። እስከ አዘዞ፣ ኤርፖርቱ ድረስ ወርዳችሁ ብትመለሱ ዲናሞው ሥራውን ይሠራል፣ ጎማና ፍሬኑም ይፍታታል። በመንገድ ላይ ኤሲውንና የኋላ መስታወት ማሞቂያውን አጥፉ፤ ጉልበቱ ወደ ባትሪው ይሂድ።

ቤንዚን ከሌለ፣ ወይም መኪናዋ ከሁለት ሳምንት በላይ የምትቆም ከሆነ፣ የእኔ ምክር ገመዱን መፍታት ነው። ምንም ወጪ የለውም፤ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው አንድ 10 ቁጥር መፍቻ ቁልፍ ብቻ ነው። እንዲህ አድርጉ። መስኮቶቹን ሁሉ ዝጉ። የመኪናዋን ቁልፍ ኪሳችሁ አስገቡ፤ ባትሪ ሲፈታ በሪሞት የሚከፈት በር አይሠራምና ቁልፍ ውስጥ ተረስቶ በሩ እንዳይቆለፍ። ከዚያ ጥቁሩን፣ የኔጌቲቩን ገመድ ብቻ ፍቱ። ጥቁሩ የሚቀድመው በምክንያት ነው። የመኪናዋ ብረት ሁሉ ከኔጌቲቭ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ቀዩን ቀድማችሁ ስትፈቱ መፍቻ ቁልፉ ቦዲ ከነካ እሳት ይተፋል። ጥቁሩ ከተፈታ በኋላ ቢነካም ምንም አይሆንም። የተፈታውን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ወደ ጎን አድርጉት፣ ተመልሶ እንዳይነካ።

ሰዓትና የተቀመጡ የሬዲዮ ጣቢያዎች ይጠፋሉ። አንዳንድ ሬዲዮ ኮድ ይጠይቃልና ኮዱን አስቀድማችሁ ያዙ።

የተፈታ ባትሪም ቢሆን በራሱ በወር ከ3 እስከ 5 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ሙቀት ይህን ያፋጥናል። በዚህ በኩል ጎንደር ታድላለች፤ አየሯ ነፋሻ ነው። ሞቃታማው መተማ የቆመ መኪና ግን ባትሪው ቶሎ ይወርዳል፣ ዕድሜውም ያጥራል። እኛም ብንሆን መኪናዋን ጥላ ሥር ብናቆማት ይመረጣል።

ለወራት የምትቆም ከሆነ ደግሞ መፍታቱ ላይ ቻርጅ ይጨመርበት፤ በሁለት ወይም በሦስት ወር አንዴ። ሲሞላ ራሱ የሚያቆም ቻርጀር ብትገዙ አትቆጩም። ተራ ቻርጀር ከሆነ ከባትሪው አቅም አንድ አሥረኛውን ያዙ፤ ለ45 አምፒር ሰዓት ባትሪ 4 ወይም 5 አምፒር። በፍጥነት ልሙላው ብሎ ከፍተኛ አምፒር መልቀቅ ባትሪውን ማሞቅ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ አደራ። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፤ ብልጭታ ካገኘው ይፈነዳል። ስለዚህ ከቤት ውጭ ወይም አየር በሚገባበት ቦታ ይሁን። የቡና ከሰል ከተያያዘበት፣ ሲጋራ ከሚጨስበት፣ ልጆች ከሚጫወቱበት አርቁት። መጀመሪያ የቻርጀሩን መያዣዎች ባትሪው ላይ አያይዙ፣ ከዚያ ሶኬቱን ሰኩ። ሲያልቅ መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ። መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዳንዱ ቻርጀር ከነበረበት አይቀጥልምና፣ መብራት በሄደ ቁጥር ብቅ ብላችሁ እዩት።

ለዘመድ አደራ የምትሰጡ ሰዎች "እያስነሳህ አሙቃት" ከማለት ይልቅ "ጥቁሩን ፍታው፣ በሁለት ወር አንዴ ቻርጅ አድርገው" በሉ። ለእሱም ይቀለዋል።

እምቢ ያለች ቀን

የጎንደር ቁልቁለት ያስለመደን አንድ ነገር አለ፤ መኪናን አፏን ወደ ታች አድርጎ ማቆምና ለቆ ማስነሳት። ማኑዋል ማርሽ ላይ ይሠራል፤ አውቶማቲክ ላይ አይሠራም። ግን ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ ፍሬኑም መሪውም እንደሚከብድ አትርሱ። ሰውና ባጃጅ የሚበዛበት ቁልቁለት ላይ ይህን መሞከር በሰው ነፍስ መጫወት ነው። ደግሞ ጨርሶ በሞተ ባትሪ የዘመኑ መኪና አይነሳም፤ የነዳጅ ፓምፑና ኮምፒውተሩም ኤሌክትሪክ ይፈልጋሉ።

ከጎረቤት መኪና በገመድ መበደር ይሻላል። ሁለቱም መኪኖች ይጥፉ። ቀዩን ገመድ በሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ጫፍ በደህናው ፖዘቲቭ ላይ አያይዙ። ከዚያ ጥቁሩን በደህናው ኔጌቲቭ፣ የመጨረሻውን ጫፍ ከሞተው ባትሪ ራቅ ያለ የሞተር ብረት ላይ። የመጨረሻው ንክኪ ብልጭ ስለሚል ነው ከባትሪው የሚርቀው። ደህናውን መኪና አስነስታችሁ ትንሽ ቆዩ፣ ከዚያ የእናንተን ሞክሩ። ከ24 ቮልት የጭነት መኪና ግን አትበደሩ፤ የመኪናችሁን ኮምፒውተር ታቃጥላላችሁ።

ኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁም ይህ ይመለከታችኋል። ከ2016 ዓ.ም ወዲህ ወደ አገር የሚገቡት የቤት መኪኖች ኤሌክትሪክ እንዲሆኑ ተወስኖ ቁጥራቸው እየጨመረ ነው። አብዛኞቹ ከትልቁ ባትሪ ሌላ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አላቸው። እሱ ካለቀ ትልቁ ሙሉ ቢሆን እንኳ መኪናዋ አትነቃም። የእነሱ አፈታትና አሞላል ግን ይለያያልና መመሪያ መጽሐፉን እዩ።

በብድር የተነሳ ባትሪ ድኗል ብላችሁ አትተዉት። በቻርጀር ሙሉ በሙሉ ሙሉት፣ ገመዱን ፈታችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት ለኩ። 12.6 አካባቢ ከቆየ ተርፏል። ምንም ሳይሠራ አድሮ ከ12.2 በታች ከወረደ አልቋል፤ ቀይሩት። አዲሱን ስትገዙ የተመረተበትን ቀን ጠይቁና ሱቁ ውስጥ ሳላችሁ በቴስተር ለኩት፤ መደርደሪያ ላይ የከረመ ባትሪም የቆመ ባትሪ ነውና። አሮጌውን ለሻጩ ወይም አሮጌ ባትሪ ለሚሰበስብ ሰው ስጡ። ጓሮ አትጣሉት፣ ልጆችም አይፍቱት። ውስጡ እርሳስና አሲድ ነው።