የነዳጅ ግፊት ጌጅ ጋቢና ውስጥ ለሚያስገጥሙ

ሜካኒካል የነዳጅ ግፊት ጌጅ (መለኪያ) ዳሽቦርድ ላይ ለማስገጠም የሚያስብ ሰው ቤንዚን የያዘ ቱቦ ወደ ጋቢና ማስገባት የለበትም፤ ቱቦው ቢሰነጠቅ ቤንዚኑ የሚረጨው ሰው ላይ ነውና። ለዚሁ የተሠራው አይሶሌተር ኮፈን ሥር የሚታሰር ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ተለጣጭ ዲያፍራም (ስስ ሽፋን) ቤንዚኑን በሞተሩ በኩል አስቀርቶ ግፊቱን ብቻ በሌላው ወገን ላለው የውሃና የአንቱፍሪዝ ድብልቅ ያስተላልፋል።

አሞላሉ ላይ መቸኮል አይገባም። የነዳጅ መስመሩ ግፊት ተለቅቆና ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ፣ ከአይሶሌተሩ ወደ ጌጁ የሚሄደውን ቱቦ የጌጅ ጫፍ ከአይሶሌተሩ ከፍ አድርጎ በመያዝ ድብልቁን በሲሪንጅ በቀስታ መሙላት፣ ከዚያም ቱቦውን በጣት መታ መታ እያደረጉ አረፋው ወጥቶ እስኪያልቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። አየር እንደ ፈሳሽ ሳይሆን የሚታመቅ ስለሆነ፣ ውስጥ ከቀረ ዲያፍራሙ የመለጠጡ ዳርቻ ላይ ይደርስና ጌጁ ከእውነተኛው ያነሰ ግፊት ያሳያል። በእኔ ግምት ደህና የነዳጅ ፓምፕ ያለ ጥፋቱ ከሚቀየርባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ውሃ ብቻውን በብርድ ሊረጋ ስለሚችል አይመከርም።

መኪናው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ካለው፣ ሞተሩን ከማስነሳት በፊት ቁልፉን ብቻ ከፍቶ መጋጠሚያዎቹ ቤንዚን እንዳያፈሱ በደረቅ ጨርቅ እየጠረጉ ማየት ተገቢ ነው።