በካርበን ፋይበር የተጠናከረ ቢም እሳት ወይም ሙቀት ሲነካው፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ ቢሙን ለማጠናከር ከሥሩ የተለጠፈው የካርበን ላሚኔት (ስስ የካርበን ፋይበር ንጣፍ) ለዓይን ደህና ይመስላል፤ በትንሽ መዶሻ ሲያንኳኩት ግን እንደ ባዶ ቅል ይጮኻል።

መንስኤ፦ ባሕር ዳር ውስጥ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ይኸው ነው። ካርበኑ ራሱ ሙቀት ይችላል፤ የማይችለው ከኮንክሪቱ ጋር ያጣበቀው ሙጫ፣ ኢፖክሲው፣ ሲሆን፣ የተለመደው ዓይነት ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። በመደበኛው የእሳት ሙከራ የእቶኑ ሙቀት በ5 ደቂቃ ውስጥ 500 ዲግሪ ስለሚያልፍ፣ ያልተሸፈነ ላሚኔት የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ነበልባልም የግድ አይደለም። በጣና ዳርቻ ባለ አንድ ዓሣ ቤት የመጥበሻው ጭስ ማውጫ ከቢሙ አንድ ስንዝር ሳይርቅ ያልፍ ስለነበር፣ እሳት ሳይነሣ ላሚኔቱ በእጄ ስስበው እንደ ኮባ ተላጠ። ባለቤቱ ጥላሸቱን ሁለት ጊዜ ቀለም አስቀብቶበታል። ቀለም ሸክም አይችልም። ሙጫው ሲቀዘቅዝ መልሶ ስለሚጠነክር ብዙዎችን ያታልላል፤ ተጭኖ ሳለ የሾለከ ላሚኔት ግን ወደ ቦታው አይመለስም።

መፍትሄ፦ ሌላ ነገር ሳይነኩ ቢሙን በድጋፍ ያስይዙ። የላላውን ላሚኔት ሙሉ በሙሉ ያንሡ፤ በባዶው ውስጥ አዲስ ኢፖክሲ በመርፌ መሙላት ሙቀት ያበላሸውን አያድንም። ገጹን በግራይንደር እስከ ጤናማው ኮንክሪት ፍቀው የመሳብ ሙከራ (ገጹ ላይ የተለጠፈ ክብ ብረት ተስቦ ኮንክሪቱ የሚለቅበት ኃይል የሚለካበት) ያድርጉ፤ ውጤቱ ከ1.4 ሜጋፓስካል በታች ከሆነ አይለጥፉ። ጭስ ማውጫውን አስቀድመው ያዙሩ፣ አለዚያ በዓመቱ ተመልሰው ይጠሩኛል። የመለስለሻ ሙቀቱ በመረጃ ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ኢፖክሲ ወደ ሱቁ ይመለስ። በክረምት ደግሞ ኮንክሪቱ ሳይደርቅ መለጠፍ ዕቃ ማባከን ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ስሌቱ ነው፦ ካርበኑ እንደሌለ ተቆጥሮ፣ አሮጌው ቢምና ፌሮው በእሳት ጊዜ የሚኖረውን ሸክም ብቻቸውን መቻል አለባቸው። ካልቻሉ ላሚኔቱን ትተው ቢሙን በፌሮና በኮንክሪት ያወፍሩት። እሳት ለመከላከል የሚቀባው የቨርሚኩላይት ልስንም በዋናነት የሚጠብቀው ኮንክሪቱንና ፌሮውን ነው፤ ሙጫውን ለሰዓታት ያቆያል ብለው አይመኑ።

ምልክት፦ የእሳት መከላከያ ልስኑ ተቦርቡሯል። መንስኤው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ቱቦ ያሳለፈ ኤሌክትሪሺያን ነው። በዚያው ዓይነት ልስን፣ በዚያው ውፍረት ይድፈኑት፤ ተራ ጂፕሰም አይተካውም። ዲሪል ላሚኔቱን በስቶት ከሆነ ግን ልስን ከመምረግ በፊት መሐንዲስ ይየው።

ምልክት፦ ኮንክሪቱ ወደ ሮዝ አድልቷል። አልፎ አልፎ ይታያል፤ ሙቀቱ 300 ዲግሪ ገደማ ደርሷል ማለት ስለሆነ፣ የቀላው ክፍል ተነሥቶ ፌሮው ሳይመረመር ድጋፉን አያንሡ።