የቤት ማሞቂያው ራዲያተር ሲቀዘቅዝ የሞተር ቫልቩን መፈተሽ

በእንግሊዝ አገር ብዙ ቤቶች ቦይለሩ (ውኃውን የሚያሞቀው) የሚነሳው የሞተር ቫልቩ፣ ማለትም ሙቅ ውኃውን ወደ ራዲያተሮቹ የሚያሳልፈው በኤሌክትሪክ ሞተር የሚከፈት ቫልቭ፣ ከተከፈተ በኋላ ነው፤ እዚህ የምናየው ባለ ሁለት ቀዳዳውን ዓይነት ነው። ሞተሩ ቫልቩን ከፍቶ ሲጨርስ በውስጡ ያለችውን ትንሽ ማብሪያ (ማይክሮስዊቹን) ይጫናል፤ ቦይለሩን የሚያስነሳው ማይክሮስዊቹ ነው። ስለዚህ ቦይለሩ ላይ ከመፍረድዎ በፊት ቫልቩን ይዩ።

ቴርሞስታቱን (የክፍሉን ሙቀት የሚቆጣጠረውን) ከፍ ያድርጉና የቫልቩን ማንሻ በጣትዎ ይግፉት። ልል ሆኖ ከሄደ ሞተሩ ከፍቶታል ማለት ነው፤ ያም ሆኖ ቦይለሩ ካልተነሳ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማይክሮስዊቹ ነው። ስፕሪንጉ ከታገለዎት ግን ሞተሩ አልዞረም። በቫልቩ ቡናማና ሰማያዊ ሽቦዎች መካከል በቮልት መለኪያ ይለኩ (ክዳኑን ከመንካትዎ በፊት ግን ከታች ያለውን ማስጠንቀቂያ ያንብቡ)፦ 230 ቮልት ካለ ሞተሩ ሞቷል፣ ከሌለ ችግሩ ቴርሞስታቱ ወይም ሰዓት መቆጣጠሪያው ጋ ነው።

ቴርሞስታቱም ሰዓት መቆጣጠሪያውም ጠፍተው ቦይለሩ አልጠፋ ካለ፣ ማይክሮስዊቹ ተጣብቋል ወይም ቫልቩ ክፍት እንደሆነ ደርቆ ቀርቷል።

የቫልቩ ግራጫ ሽቦ ቴርሞስታቱ ቢጠፋም ኤሌክትሪክ አለው፤ ብዙ ሰው የሚነዝረው እዚህ ላይ ነው። የቫልቩን ክዳን ከመንቀልዎ በፊት ዋናውን ማጥፊያ ያጥፉ፣ በቴስተርም ያረጋግጡ።

ሞተሩን ብቻ መቀየር ይቻላል፤ ርካሽ ነው፣ ውኃም ማፍሰስ አያስፈልግም። ጭንቅላቱ (ሞተሩ ያለበት ሳጥን) ወልቆ የቫልቩ ዘንግ በእጅ አልዞር ካለ ግን የዛገው የቫልቩ አካል ነው፤ ውኃው መፍሰስ ስላለበት ለቧንቧ ሠራተኛ ይተዉት።