«ጋዝ ጨርሷል» ከማለትህ በፊት

ግንቦት ሲገባ ስልኬ አያርፍም። ከድሬዳዋ ሰፈሮች፣ ከሳቢያን፣ ከከዚራ፣ ከመጋላ ይደወላል። ወሬው አንድ ነው፦ «ኤሲው ይነፍሳል፣ ግን አያቀዘቅዝም።» ከእኔ በፊት አንድ ልጅ መጥቶ «ጋዝ ጨርሷል» ብሏል። ሞልቶም ሄዷል። እንግዲህ ለአንተ፣ ለኤሲ ጥገና ለማጁ፣ በድሬ ልማድ አንተ እያልኩህ ልናገር።

ጋዝ እንደ ቤንዚን ነድዶ አያልቅም። ጋዙ የሚዞርበት ቱቦ ዝግ ነው፤ ካነሰ የሚያፈስበት ቦታ አለ። ቀዳዳውን ሳትፈልግ መሙላት በተቀደደ ጆንያ እህል መስፈር ነው። እኔን የሚያበግነኝ ግን ይሄ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ጋዙ ምንም አልሆነም! አንድ ጊዜ ሳቢያን አንዲት እናት ቤት ተጠራሁ። ኢንቨርተር (የኮምፕሬሰሩን ፍጥነት በኤሌክትሮኒክ ቦርድ የሚያስተካክል) ያልሆነ ኤሲ ነው፤ በአንድ በጋ ሦስት ጊዜ ጋዝ ተሞልቶለታል። ልጆቹ ሁሌ ጠዋት ይመጣሉ፣ ይሞላሉ፣ ይቀዘቅዛል፣ ሂሳብ ተቀብለው ይሄዳሉ። ከሰዓት፣ በርጫው ሲደምቅ፣ ቤቱ ምድጃ ይሆናል።

እኔ ስምንት ሰዓት ላይ ሄድኩ። ጣሪያ ላይ ስወጣ የውጪው ማራገቢያ ይዞራል። ኮምፕሬሰሩ፣ ጋዙን የሚገፋው ሞተር፣ ግን እምምም ይልና ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ቀጭ ብሎ ዝም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እምምም። ብሬከሩን አጥፍቼ ክዳኑን ፈታሁ። የካፓሲተሩ፣ ኮምፕሬሰሩን የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ፣ አናት ጉብ ብሏል። ላዩ ላይ 35 ማይክሮፋራድ ይላል፤ ስለካው 22። በጠዋቱ ቅዝቃዜ እንደምንም ያስነሳዋል። ከሰዓት ግን ሙቀቱ ይበረታል፣ ሰፈሩ ሁሉ ኤሲ ስለሚከፍት ቮልቱም ይወርዳል፤ ያኔ አቅም ያጣል። ካፓሲተሩን ቀየርኩ፣ በላይ በላዩ የተሞላውን ጋዝ አውጥቼ በሚዛን መልሼ ሞላሁ። እማማ «ታዲያ የሦስት ጊዜው ብሬስ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ብልሽቱን በሚታይበት ሰዓት ሂደህ እይ። ጠዋት ሄደህ የከሰዓት በሽታ አትፈልግ።

ሌላው ስህተት መስመርን አምፖል ባለው ቴስተር ካቻቢቴ ብቻ ማየት ነው። አምፖሏ በራች ማለት ፌዝ (ኤሌክትሪክ የሚመጣበት ሽቦ) አለ ማለት ነው እንጂ ኒውትራሉ (መመለሻው) ደህና ነው ማለት አይደለም። ቮልቱንም አትነግርህም። መልቲሜትር ያዝ፣ በፌዝና በኒውትራል መካከል ለካ፤ የምትለካው ደግሞ ኮምፕሬሰሩ ሊነሳ ሲታገል ነው። ባዶውን 220 የሚያሳይ መስመር ጭነት ሲመጣበት 170 ሊወርድ ይችላል።

ብሬከር ደጋግሞ ሲወርድ በትልቅ መቀየር፦ አታድርገው። ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። በቀጭን ሽቦ ላይ 32 አምፔር ከሰቀልክ፣ ቀድሞ የሚቃጠለው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው።

ኢንቨርተር ላይ ደግሞ ብሬከር አጥፍተህ ወዲያው እጅህን አትስደድ። 220 ቮልት ተቀይሮ 310 ገደማ ዲሲ ሆኖ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ውስጥ ይቀመጣል። አሥር ደቂቃ ጠብቅ፣ ከዚያም በዲሲ ለክተህ መውረዱን አረጋግጥ። እኔ በልጅነቴ «ላራግፈው» ብዬ ካቻቢቴ ጣል አደረግኩበት። የካቻቢቴው ጫፍ ቀለጠ፣ ቦርዱም አብሮ ሄደ። ጆሮዬ እስከ ማታ ሲጮህ ነበር።

ኤሲው የሚያሳየውን የስህተት ኮድ በቃልህ አትፍታ። ኢ1 በብዙዎቹ የግሪ ኤሲዎች የግፊት መብዛት ነው፤ በብዙዎቹ የሚዴያ ኤሲዎች ደግሞ የውስጡና የውጪው ክፍል አለመገናኘት። መመሪያውን ክፈት።

መገናኘት ካልኩ አይቀር፣ ይሄኛው የራሴ ጥፋት ነው። ከዚራ አንድ ቤት ውስጥና ውጪው አልገናኝ አለ። ቦርድ ነው ብዬ ፈረድኩ። ቦርድ ተገዛ፣ ተገጠመ፣ ኮዱ እንዳለ ቁጭ! ኬብሉን ስከተል ጣሪያው ጥግ ላይ ተጠምዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለ ቅጥያ አገኘሁ። ፀሐይ ናስትሮውን አቅልጣ ሙጫው እጄ ላይ ቀረ፤ ሽቦው ውስጡ አረንጓዴ ሆኗል። የቦርዱን ዋጋ ከኪሴ መለስኩ። አሁን ኬብሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳላይ ቦርድ አልነካም። መሃሉ ላይም አልቀጥልም፤ ካጠረ ሙሉውን እቀይራለሁ።

ሽቦ ከመፍታትህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳ። ፌዝና ኒውትራል ተለዋውጠው ስለተገጠሙ ብቻ ስንት ኢንቨርተር «ሞተ» ተብሎ ተጥሏል።

ከሁሉም በፊት ግን ክፈትና ተመልከት፣ አሽትት። ባለፈው ለገሃሬ አንዱ ለማጅ ቦርድ ሊያስመጣ ዋጋ እያጠያየቀ ደረስኩ። «ከፍተህ አየኸው?» አልኩት። «ኮዱ ይናገራል» አለኝ። ብሬከር አጥፍተን፣ ጠብቀን፣ ለክተን ከፈትነው። አንዲት እንሽላሊት ሁለቱ ተርሚናሎች ላይ እንደተዘረጋች ደርቃለች። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጠረግናት፣ የቦርዱን ፊውዝ ቀየርን፣ ሠራ። ልጁ እንሽላሊቷን በወረቀት ጠቅልሎ ለጓደኞቹ ሊያሳይ ወሰዳት።