«የት ነሽ? ፎቶ ላኪ!» የሚል ፍቅረኛ ላላት

እዚህ አዲስ አበባ «ይቀናብኛል» የሚባለው እንደ ሙገሳ ነው። ጓደኞቿም «ታድለሽ፣ ይወድሻል ማለት ነው» ይሏታል። እሺ፣ ትንሽ ቅናት ከማንም አይጠፋም። ቅናቱ ሕግ ማውጣት ሲጀምር ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ብዙውን ጊዜ ከስልክ ይጀምራል። አራት ኪሎ ከትምህርት ቤት ወጥታ የሜክሲኮ ታክሲ የምትጠብቅ ልጅ እንውሰድ። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ዝናቡም ጀምሯል። «የት ነሽ?» «ሰልፍ ላይ።» «ፎቶ ላኪ።» ትልካለች። «ከኋላሽ ያለው ማነው?» አታውቀውም፣ እንደሷ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ነው። ከዚያ ቪዲዮ ኮል ይመጣል፣ ታክሲ ውስጥ ገብታ ኔትወርክ ሲቆራረጥባት ደግሞ «ሆን ብለሽ ነው የዘጋሽው» ትባልና ይቅርታ ስትለምን ታመሻለች። የሚያስብልሽ ሰው እኮ «በሰላም ገባሽ?» ይላል፣ «አዎ» ስትዪው ያበቃል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልጥቀስ። «የምትደብቂው ከሌለ» እያለ ፓስወርድሽን ይጠይቃል። አለባበስሽን ይመርጥልሻል። ጓደኞችሽን አንድ በአንድ ይጠላል፤ አንዷ ባለጌ ናት፣ ሌላዋ ታበላሽሻለች፣ የክፍልሽ ወንዶችማ ስማቸውም አይነሳም። በቴሌብር የላከልሽን ትንሽ ብር ስትጣሉ ይቆጥርብሻል። ሰድቦሽ ያለቅሳል፣ «ከተለየሽኝ ራሴን አጠፋለሁ» ይላል (እንዲህ ካለ ለቤተሰቡ ወይም ለአንድ ትልቅ ሰው ተናገሪ እንጂ ብቻሽን አትሸከሚው)። ክንድሽን ጨምድዶ ከጎተተሽ፣ ስልክሽን ከቀማሽ ወይ በጥፊ ከመታሽማ ሌላ ምልክት አትጠብቂ። ወንድ ሆነህ ይህ የሚደርስብህ ከሆነም ያው ነው፣ አትፈር።

እኔ ከሁሉ በፊት የማየው ግን ምስጢሩን ምን እንደሚያደርግበት ነው። እኛ ጋ በዚህ ዕድሜ ፍቅር ከቤት ተደብቆ ነው። አባባ ቢሰማ ጉድ ይፈላል፣ ይህን ደግሞ ልጁም አሳምሮ ያውቃል። አንድ ቀን «ካልመጣሽ ለወንድምሽ እነግረዋለሁ» ካለ በፍርሃትሽ እየገዛሽ ነው። ስንቷ ልጅ ናት ፍቅሩ ካለቀ በኋላ ቤት እንዳይሰማ ብቻ ብላ አብራው የምትቆየው!

ካልመታሽና ካላስፈራራሽ፣ ግን እርግጠኛ ካልሆንሽ፣ ትንሽ ነገር ላይ እንቢ በዪው። «ቅዳሜ ፒያሳ አልመጣም፣ ከአክስቴ ልጅ ጋር ነኝ።» ቅር ቢለው ምንም አይደል፣ ሰው ነው። ቀጥሎ የሚያደርገውን እዪ። አኩርፎ ይመለሳል? ወይስ ጓደኞችሽ ጋ እየደወለ ያጣራል፣ ሰፈር መጥቶ በራችሁ ላይ ይቆማል?

ለመውጣት ከወሰንሽ ቅደም ተከተሉን ጠብቂ። መጀመሪያ ከቤት አንድ ሰው ይወቅ፣ እሱ ሳይቀድምሽ አንቺ ንገሪ። እማማ ከከበደችሽ አክስት አለች፣ ታላቅ እህት አለች፣ የምታምኛት መምህርት አለች። ቁጣ ይኖር ይሆናል፣ ግን «እነግርብሻለሁ» የሚለው ዛቻ ያኔውኑ ዋጋ ያጣል። ቀጥሎ ማስረጃ። ቴሌግራም ላይ አንዱ ሰው መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል፣ ስለዚህ ዛቻውን ቶሎ ስክሪንሾት አድርጊና ለጓደኛሽ ላኪ፤ ስልክሽን የሚፈትሽ ከሆነ ስክሪንሾቱን ካንቺ ስልክ ላይ ብቻ አጥፊው። ከዚያ የቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍተሽ የማታውቂውን ስልክ አስወጪ፣ ተጨማሪ ፓስወርድ አስገቢ፣ ሎኬሽን ማጋራቱንም ዝጊ። «አበቃ» የምትዪው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ እሱንም በስልክ ወይም ሰው ባለበት። «ለመጨረሻ ጊዜ ብቻችንን እንገናኝ» ካለ አትሂጂ።

በፎቶ የሚያስፈራራሽ ከሆነ ብር አትስጪው፣ ሌላ ፎቶም አትላኪ። በኢንተርኔት ማስፈራራት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል። ሰውየው ትልቅ ሰው ከሆነና አንቺ ገና 18 ካልሞላሽ ደግሞ ከአንቺ ጋር ግብረ ሥጋ መፈጸሙ ራሱ ወንጀል ነው፣ «ወዳ ነው» ማለቱ አያድነውም።

አስገድዶ ከደፈረሽ ሳትታጠቢ፣ ልብስሽንም ሳታጥቢ ቶሎ ሐኪም ቤት ሂጂ። ኤችአይቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይሠራል። መሀል ከተማ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ምክሩንና የፖሊሱን ጉዳይ አንድ ላይ የሚያይ ማዕከል አለ። ለሕግ ምክር የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በ7711 በነጻ ያማክራል። ስልክሽን እሱ የሚያይ ከሆነ በጓደኛሽ ስልክ ደውዪ።