ጽሑፉን ከደንበኛ ጥያቄ ይጀምሩ
በድርጅት የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ላይ የሚወጡ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ ለዛ የሚያጡት፣ ጸሐፊው የሚያስበው አንድን ሰው ሳይሆን «ተከታዮች» የሚባለውን ጅምላ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ከመጻፍዎ በፊት የመልእክት ሳጥኑን ከፍተው አንድ ደንበኛ በቅርቡ የጠየቀውን ይምረጡና፣ ጽሑፉን ለእርሱ ብቻ እንደሚመልሱ አድርገው ያዘጋጁት። ለምሳሌ «ጥራቱን የጠበቀ ዘመናዊ ቦርሳ» የነበረው «ባለ 15 ኢንች ላፕቶፕ ከነቻርጀሩ ይይዛል፤ ዝናብ ግን ያስገባል» ይሆናል፤ ጉድለቱን መናገር ሻጩን ቢያስፈራውም፣ ስለ ዕቃው የተባለውን ሌላውን ነገር ተአማኒ የሚያደርገው ይኸው ግልጽነት ነው። ዘዴው የሚሠራው ጥያቄው ደንበኛው ዕቃውን ለምን እንደሚፈልገው ስለሚያሳይ ነው፤ አንዱ የጠየቀውን ሌሎችም በልባቸው ይዘውት ሊሆን ይችላልና። የጠያቂውን ስምም ሆነ የመልእክቱን ምስል ያለ ፈቃዱ አይለጥፉ፤ ጉዳት ያደረሰ ምርት ከገበያ ሲሰበሰብ ደግሞ ይህን አጻጻፍ ትተው ግልጽ መግለጫ ያውጡ።